ብስክሌት የት ይደር?

«ለጠባብ ክፍል የትኛው የሳይክል መስቀያ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ሲሰሙት የታሪክ ጥያቄ አይመስልም። የሱቅ ጥያቄ ነው የሚመስለው፤ ሄዶ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ብረቱን ነካክቶ፣ ተከራክሮ የሚገዙት ነገር። እኔን ግን ጉዳዩ ከሱቁ አሳልፎ ወደ ኋላ፣ ወደ ሩቅ ዘመን ስለ ጎተተኝ፣ አንባቢዎቼም ጥቂት ገጽ አብረውኝ እንዲጎተቱ እጠይቃለሁ። መስቀያውንም ቢሆን ሳልመርጥ አልለያችሁም።

በልኬቱ እንጀምር። አንድ የዐዋቂ ሳይክል ከጎማ እስከ ጎማ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። የመሪው ስፋት ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ወለል ላይ ሲቆም ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ ይይዛል ማለት ነው። ተማሪ የሚከራየው ክፍል ደግሞ 3 በ4 ከሆነ ተመስገን ነው። ከዚያ ላይ አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ የውኃ ጀሪካኑ፣ ምድጃውና የልብስ ሻንጣው ሲቀነስ ሰውየውና ሳይክሉ ለተረፈችው መሬት የሚፋጠጡ ጎረቤታሞች ይሆናሉ። ውጭ ይደር እንዳይባል ሌባ አለ፤ ክረምት ሲገባም ዝናቡ አለ። ውስጥ ይደር ቢባል ደግሞ፣ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ለሽንት የተነሣ ሰው ፔዳሉ ቅልጥሙን ሲለው የሚናገረውን ቃል እዚህ ላይ መጻፍ አይቻልም።

ለመሆኑ ይህ ጣጣ የመጣው ሳይክሉ ትልቅ ሆኖ ነው? አይመስለኝም። ከሳይክል የሚበልጡ ስንት ነገሮች ቤታችን ውስጥ ቦታ አላቸው። አልጋ ከሳይክል ይበልጣል፤ ግን ክፍል ሲሠራ አልጋው የት እንደሚገባ ሠሪው አስቀድሞ ያስባል። ቤት ማለት ሲታቀድ እነማን እንደ ታሰቡ የሚናገር ሰነድ ነው። ሳይክል ያለው ሰው ካልታሰበ ሳይክሉ እግር ሲመታ ይኖራል።

የራሳችንን ቋንቋ እንኳ ብናይ ነገሩ ይታያል። የሳይክሉ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ ብዙዎቹም ከጣሊያን የመጡ ናቸው። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካቴና፣ ፓራፋንጎ እንላለን። ዕቃው ከነስሙ ገባ። የሚያድርበት ቦታ ግን ስም ይዞ አልመጣም። ይኸው ዛሬ «መስቀያ» የምንለው ከኮትና ከሸሚዝ ተበድረን ነው።

የድሮው ቤታችን ግን መጓጓዣውን ያውቅ ነበር። በደጋው አገር በብዙ ቦታ የገበሬው ቤት ሲሠራ ለከብትና ለበቅሎ ከውስጥ ጋጥ ይከለልላቸዋል። ሰው መደብ ላይ ወይም ቆጥ ላይ ይተኛል፤ በቅሎዋ ጥቂት ክንድ ርቃ ታድራለች። ትንፋሿ ቤቱን ያሞቃል፤ ሌባ ቢመጣ ባለቤቱ ይሰማል። ኮርቻው በኩላብ ላይ ይሰቀላል። ጋሻውም፣ ጠመንጃውም፣ ማሲንቆው ያለውም ማሲንቆው እንዲሁ ነው። እንግዲህ ዛሬ ከውጭ የመጣ የሚመስለን «ዕቃን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ወለልን ማትረፍ» የሚባለው ዘዴ አያቶቻችን ቤት የነበረ ነው። (መደብ ያልኩት የሚተኙበትን ነው፤ ወደ ሌላው መደብ በኋላ እመለሳለሁ።)

ብስክሌት በበኩሉ ሲወለድ የባለ ጋጥ ልጅ ነበር። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቈጣጠር ናቸው። በ1817 ካርል ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ ባሮን ማንሃይም ከተማ ላይ ባለ ሁለት እግር የእንጨት መሮጫውን አውጥቶ ነዳ። ፔዳል አልነበረውም፤ መሬቱን በእግር እየገፉ ነው የሚሄዱበት። በ1860ዎቹ ፓሪስ ላይ በፊተኛው ጎማ ፔዳል ተገጠመለት። በ1870ዎቹ ደግሞ የፊቱ ጎማ እያደገ ሄዶ አንዳንዱ ወደ 1 ሜትር ተኩል ደረሰ፤ ያ በሥዕል የምናየው፣ ሰውየው ሰማይ ላይ የተቀመጠበት ዓይነት ማለት ነው። እነዚህን የሚገዙት ገንዘብና ትርፍ ጊዜ የነበራቸው ወጣቶች ናቸው። «የት ላሳድረው?» ብሎ የሚጨነቅ ከመካከላቸው ብዙ የነበረ አይመስለኝም። ፈረስ የሚያድርበት ግቢ ያለው ሰው ለሁለት ጎማ ቦታ አያጣም።

ነገሩ የተለወጠው በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ ኮቨንትሪ ላይ ሮቨር የተባለውን ሳይክል ካወጣ በኋላ ነው። ሁለቱ ጎማዎች ተቀራራቢ ናቸው፤ ኃይሉ በካቴና ወደ ኋላው ጎማ ይሄዳል። ዛሬ የምንነዳው ያንኑ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1888 ደግሞ ቤልፋስት ውስጥ ይኖር የነበረ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ለልጁ ባለ ሦስት እግር መጫወቻ ሲል በአየር የተሞላ ጎማ ሠራ። ከዚያ ወዲያ ፋብሪካዎች በብዛት አመረቱ፤ ዋጋው ወረደ። ሃያኛው መቶ ዓመት እየገፋ ሲሄድም ሳይክል ከባሮኑ መጫወቻነት ወጥቶ የሠራተኛው የሥራ ዕቃ ሆነ።

የኛ ጥያቄ የተወለደውም ያን ጊዜ ነው። ሠራተኛው ሳይክሉን አገኘ፤ ጋጡን ግን አላገኘም። የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው፣ በኪራይ፣ በአንድና በሁለት ክፍል። ከሥራ ሲመለስ ያንን ብረት ተሸክሞ ደረጃውን ይወጣል።

ቪቶሪዮ ደ ሲካ በ1948 የሠራውን «የብስክሌት ሌቦች» የተባለውን ፊልም ያየ ሰው ስርቆቱን አይረሳም። እኔ ግን ከስርቆቱ በፊት ያለውን ልጥቀስ። አንቶኒዮ ሪቺ ሮም ውስጥ ከብዙ ሥራ አጥነት በኋላ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ግን ሳይክል ያለው ሰው ይፈልጋል፤ የእሱ ሳይክል ደግሞ በመያዣ ተቀምጧል። ሚስቱ ማሪያ ምንም ሳታቅማማ የአልጋውን አንሶላዎች ገፍፋ መያዣ ቤት ትወስድና በዚያ ገንዘብ ሳይክሉ ይወጣል። በማግሥቱ ማለዳ ትንሹ ልጃቸው ብሩኖ እዚያው ቤት ውስጥ ሆኖ ሳይክሉን ይወለውላል፤ ፔዳሉ ላይ አዲስ ጉዳት አይቶም ይቆጣል። አልጋው ተራቁቶ ሳይክሉ ቤት ገባ ማለት ነው። በዚያው የመጀመሪያ የሥራ ቀን አባትየው መሰላል ላይ ሆኖ ሲለጥፍ መንገድ ላይ የቆመው ሳይክል ይወሰዳል። ብሩኖ ሲወለውለው በነበረበት ክፍል ውስጥ ብቻ ነው ያ ሳይክል ከሌባ የተረፈው። ስለዚህ አንድ ሰው «ሳይክል ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?» ብሎ ቢቆጣችሁ ይህን ፊልም ጋብዙት።

ቤት ውስጥ ከገባ ዘንድ ታዲያ የት ይቀመጥ? እዚህ ላይ የሞስኮና የሌኒንግራድ ሰዎች የሰጡትን መልስ ማንሣት አለብኝ፤ ምክንያቱም የተሰቀለ ሳይክል እንደ እነሱ የኑሮ ምልክት የሆነበት ሕዝብ ብዙ አላውቅም። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ የሀብታሞቹ ሰፋፊ አፓርታማዎች ተከፋፍለው ለየቤተሰቡ አንድ አንድ ክፍል ተሰጠ። ወጥ ቤቱ የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ኮሪደሩ የጋራ ሆነ። የበሩ ደወል እንኳ አንዴ ሲደወል ለእገሌ፣ ሁለቴ ሲደወል ለእገሊት ተብሎ የተከፋፈለበት ቤት ነበር። ሳይክሉ ክፍል ውስጥ እንዳይገባ ክፍሉ አንድ ነው፤ ኮሪደር ላይ እንዳይቆም ኮሪደሩ የሁሉም ነው። መልሱ አናት በላይ ሆነ። በረጅሙ ኮሪደር ግድግዳ ላይ ሳይክሉ፣ የልብስ ማጠቢያው ገንዳና የበረዶ መንሸራተቻው በትልልቅ ምስማር ተሰቅለው ይኖሩ ነበር። በጨለማ የሚመጣ እንግዳ በአንዱ መፋጀቱ አይቀርም።

የሚገርመኝ ምስማሩ አይደለም፤ አየሩ ነው። ወለሉ የጋራ ሲሆን ከወለሉ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ለማን እንደ ሆነ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሳይክላቸውን የሰቀሉት ሰዎች በመስቀላቸው ብቻ አንድ ካሬ ሜትር ርስት ከአየር ላይ ቆረሱ ማለት ይቻላል። ኋላ በ1957 መንግሥት ለየቤተሰቡ የራሱን ቤት በሰፊው ለመሥራት ሲወስን እነዚያ ትንንሽና ዝቅ ያለ ጣሪያ ያላቸው አፓርታማዎች ተተከሉ፤ ሳይክሉም ከኮሪደሩ ወጥቶ ወደ በረንዳ ሄደ። ክረምቱን በበረዶ ውስጥ አሳለፈ እንጂ እንደገና የሚያድርበት ክፍል አላገኘም።

የሳይክልን መኝታ በሕግ ጽፎ ያገኘሁት በኔዘርላንድ ነው። ከሰዎቹ ቍጥር የሳይክላቸው ቍጥር የሚበልጥበት አገር ነውና አያስደንቅም ትሉ ይሆናል። ግን ታሪኩ እንደዚያ ቀጥ ያለ አይደለም። አዲስ መኖሪያ ቤት ሲሠራ ከዝናብ የተከለለ ማከማቻ አብሮ እንዲሠራ የሚያዘው ደንብ ለረጅም ጊዜ ከቆየ በኋላ በ2003 ተሰረዘ። ሐሳቡ «ሕግ አናብዛ፤ ገዢው ከፈለገ ሠሪው ይሠራለታል» የሚል ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ ሠሪው የሚሠራው ገዢው የፈለገውን ሳይሆን ገዢው ሳያገኘውም ቢሆን የሚገዛውን ነው። ማከማቻ የሌላቸው ቤቶች መሠራት ጀመሩ። በ2012 ደንቡ ተመለሰ። የተመለሰው ደንብ የሚጠይቀው ቢያንስ 5 ካሬ ሜትር ስፋት ነው፤ ጎኑ ከ1 ሜትር ከ80 ያላነሰ፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር ከ30 ያላነሰ።

5 ካሬ ሜትር! እኛ ከምንከራየው ክፍል እኩሌታ ሊሆን ምን ቀረው። ይልቁንስ ግን ያችን 1 ሜትር ከ80 አስተውሉ። ከላይ የሳይክሉ ርዝመት ብዬ የጻፍኩት ቍጥር ነው። ሕጉን የጻፈው ሰው ቁጭ ብሎ የሳይክሉን ርዝመት አስቦ ነበር ለማለት እደፍራለሁ። የታሰበ ማለት ይህ ነው።

ያልታሰቡት ሰዎች ግን በየራሳቸው መላ መምታታቸው አልቀረም። አንደኛው መላ ሳይክሉን ማጠፍ ነው። ተጣጣፊ ሳይክል የጦርነት ዕቃም ሆኖ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች ተጣጣፊውን ይዘው በጃንጥላ ይወርዱ ነበር። ለቤት የሚሆነው ግን የተወለደው ከቤት ነው። በ1975 አንድሩ ሪቺ የተባለ መሐንዲስ ለንደን ውስጥ በሚኖርበት አፓርታማ፣ እዚያው ክፍሉ ውስጥ፣ ታጥፎ 60 ሳንቲ ሜትር ኩብ የማይሞላ ሳይክል መሥራት ጀመረ። በመስኮቱ ትይዩ የብሮምፕተን ቤተ ክርስቲያን ይታየው ነበርና ሳይክሉን ብሮምፕተን አለው። በጠባብ ክፍል የተፈጠረ፣ ለጠባብ ክፍል የሚሆን ሳይክል ነው፤ ዋጋው ግን የሰፊ ክፍል ነው። እኛን አይመለከትም፤ እንለፈው።

ሁለተኛው መላ መስቀያው ነው። መስቀያ ሲባል ሁላችንም ክንዱን፣ ማለትም ሳይክሉን የሚይዘውን ብረት እናያለን። ታሪኩ ያለው ግን ግድግዳው ውስጥ፣ ከዓይን በተሰወረችው ትንሽ ነገር ላይ ነው። ድንጋይና ጡብ ምስማር አይቀበልም። ድሮ ከባድ ነገር መስቀል የፈለገ ሰው ግድግዳውን ቦርቡሮ እንጨት ይሰነቅርበት ነበር። ጆን ሮውሊንግስ የሚባል የለንደን ሥራ ተቋራጭ በብሪቲሽ ሙዚየም ግድግዳ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ እንዲተክል ታዞ፣ ግድግዳው ሳይጎዳ እንዴት ብሎ ሲያስብ፣ በሙጫ ከተጣበቀ የጁት ክር የተሠራ ትንሽ መሰኪያ አወጣ፤ በ1911 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ብሎኑ ሲገባ መሰኪያው ያብጥና ቀዳዳውን ከውስጥ አንቆ ይይዛል። በ1958 ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር ይህንኑ ነገር ከናይለን ሠራው። ዛሬ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሄደን «ስምንት ቍጥር ፊሸር ስጠኝ» ስንል የምንጠራው የሰውየውን የአባት ስም ነው። በተከራየው ቤት ግድግዳ ላይ ሳይክል ለመስቀል የቻለ ተራ ሰው ሁሉ የዚህ ሰው ባለ ዕዳ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሳይክል ከሚያምርባቸው ከተሞቻችን መካከል ባሕር ዳርን የሚያክል የለም። ከጣና ዳር የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ መንገዱ ሰፊ፣ ዳር ዳሩ ዘንባባ። በ1961 በጣሊያን የጦርነት ካሣ ገንዘብ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ፤ በ1963 በሶቪየት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተከፈተ። ሠራተኛና ተማሪ በበዛበት ሜዳ ሳይክል መብዛቱ አይቀርም፤ በዛም። ያኔ አብዛኛው ሰው የሚኖረው ግቢ ባለው ቤት ነው። ሳይክሉ ከበረንዳው ጥግ ወይም ከጓዳ ይገባል፤ በሩ ይቀረቀራል፤ አለቀ። ጋጡ በሌላ መልክ ቀጥሎ ነበር ማለት ነው።

ግቢው ያጠረው ኋላ ነው። ከ2004 ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በየክልሉ ከተሞች የኮንዶሚኒየም ቤቶች ተሠሩ። ብዙዎቹ መሬት ላይ ካለው ሌላ አራት ፎቅ ያላቸው፣ ሊፍት የሌላቸው ናቸው። ስቱዲዮው ከ20 ካሬ ሜትር በታች፣ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር እንዲሆን ታቅዷል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከሕንፃዎቹ ጎን የጋራ መገልገያ ቤት ይሠራል፤ እዚያ እንጀራ ይጋገርበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ለበዓል በግ ይታረድበታል። ይህን ያሰበ ሰው ይመስገን። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው በግ እንደሚያርድ፣ እንጀራ እንደሚጋግር ዐውቆ አስቦለታል። በብዙ ግቢም ለመኪና ማቆሚያ የሚሆን መሬት ተትቷል። ባለ ሳይክሉስ? ከበጉም ከመኪናውም መካከል ወደቀ። በዕቅዱ ላይ ያለው ሰው ወይ በእግሩ የሚሄድ ነው፣ ወይ አንድ ቀን መኪና የሚገዛ ነው። ቆይቼ እመጣበታለሁ ያልኩት ሌላው መደብ ይኸውላችሁ። ሳይክል ነጂ የራሱ መደብ የሌለው፣ ወደ መኪና በመሸጋገር ላይ ያለ መንገደኛ ተደርጎ ተቈጥሯል ብዬ አምናለሁ። ከ2024 ወዲህ ደግሞ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መንገድ ተሠርቷል። መንገዱ ጥሩ ነው፤ ቀለሙም ያምራል። ሳይክሉ ግን ማታ ከዚያ መንገድ ወርዶ የሚሄድበትን አልነገሩትም። የሞስኮዎቹ ኮሪደር ቢያንስ ምስማር ነበረው።

እንግዲህ ቃል የገባሁትን ምርጫ ላምጣ። በመጀመሪያ ግድግዳህን በጣትህ መገጣጠሚያ አንኳኳው። የኮንዶሚኒየሙም ሆነ የአዲሶቹ የኪራይ ክፍሎች ግድግዳ በአብዛኛው ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ሆዱ ባዶ ነው። ፊሸር የሚይዘው ዙሪያውን የሚገፋው ጠጣር ነገር ሲያገኝ ነው፤ ባዶ ውስጥ ከገባ ምን ይግፋ? «ሳይክሌ እኮ 15 ኪሎ ብቻ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እስቲ እናስላው። ሳይክሉ ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ተንጠለጠለ እንበል፤ የመስቀያው የላይኛውና የታችኛው ብሎን ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር ተራርቀዋል። የላይኛውን ብሎን ከግድግዳው ለመንቀል የሚስበው ኃይል 15 ኪሎ ሳይሆን የሦስት እጥፍ፣ የ45 ኪሎ ያህል ነው። የድሮውን ባለ ወፍራም ብረት ሳይክል፣ 20 ኪሎ የሚመዝነውን ከሰቀልህ 60 ኪሎ ደረሰ። ስለዚህ የሁለቱ ብሎን ርቀት 10 የሆነውን ትተህ 40 የሆነውን ፈልግ፤ መሳቡ በአራት እጅ ይቀንስልሃል። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ይዞ ወደ ሱቅ የሄደ ሰው ከግማሹ ስሕተት ይድናል። ከተቻለ ደግሞ የኮንክሪት ዓምዱን ፈልጎ እዚያ ላይ መብሳት ነው። ጭቃ ቤት የምትኖሩ እንደ አያቶቻችን ቋሚውን ፈልጉ፤ ጥሩ ቋሚ ከብሎኬት ይበልጣል።

ከዓይነቶቹ ጣሪያ ላይ በገመድ የሚጎተተውን አልወደውም። በፊልም ያምራል፤ የኛ ክፍል ጣሪያ ግን ብዙ ጊዜ ኮርኒስ ነው፤ ኮርኒስ ራሱን መሸከም የሚበቃው ነገር ነው። ቢይዝም ጣሪያችን ዝቅ ያለ ስለሆነ ሳይክሉ ከላይ ተንጠልጥሎ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ይኖራል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የሚባለው ተረትም እዚህ ጋ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ በመወጠር የሚቆመው ምሰሶም በዚሁ ኮርኒስ ምክንያት አይሆንም፤ ጣሪያው ኮንክሪት ለሆነ ብቻ ጥሩ ነው፣ ግድግዳ አይበሳምና።

በአንድ ጎማ የሚሰቀለው መንጠቆ ርካሽ ነው። ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ከግድግዳው ላይ የሚፈጀው 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ወደ ክፍሉ ግን አንድ ሜትር ያህል ይወጣል፤ ቁመቱንም ወደ 2 ሜትር ይፈልጋል። «ቸርኬው አይጣመምም ወይ?» ለሚሉት፣ አንተን ተሸክሞ ድንጋይ ላይ ሲዘል ያልተጣመመ በራሱ ክብደት አይጣመምም። ችግሩ ሌላ ነው፤ በየቀኑ ማንሣት አለ። ከባዱን ሳይክል በኋላ ጎማው አቁሞ ወደ ላይ መግፋት አራተኛ ፎቅ ተሸክመው ለወጡት የሚጨመር ቅጣት ነው።

በአግድም የሚይዘው ክንድ ለእኔ ክፍል ይሻላል። ሳይክሉ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆኖ ከፍ ይላል፤ ከሥሩ ጠረጴዛ ወይም ጀሪካን ይገባል። ግን ይህ መስቀያ ሲሠራ የታሰበው የወንድ ሳይክል ነው። ክንዱ የሚገባው ከኮርቻ እስከ መሪ በሚዘረጋው አግዳሚ ብረት ሥር ነውና፣ ያ ብረት ወደ ታች የወረደበትን የሴቶቹን ሳይክል በአግባቡ አይይዝም። እኅቶቻችን ባሕር ዳር ላይ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በምን እንደሚነዱ የሱቁ ሰው አላየም። ለእነሱ ሁለት ክንዱ እየተራራቀ የሚስተካከልና አንዱ ከኮርቻው ሥር፣ አንዱ ከመሪው ሥር የሚይዝ ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ አከራይ አለ። አብዛኞቻችን ተከራዮች ነን፤ ግድግዳውም የእኛ አይደለም። «እትዬ፣ እዚህች ጋ አንድ ቀዳዳ ብቻ…» ብሎ የሚጀመር ንግግር መጨረሻው ይታወቃል። በዚህ ምክንያት የእኔ ምርጫ ከሱቅ የሚገዛው አይደለም፤ ብየዳ ቤት የሚሠራው ነው። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው ከቱቦላሬ ብረት የተበየደ፣ እግሩ ወደ ፊት ወጣ ያለ፣ አናቱ ግድግዳው ላይ የሚደገፍ መቆሚያ። ሳይክሉ ራሱ በክብደቱ ወደ ታች ስለሚጫነው ምንም ቀዳዳ አይፈልግም። ሁለት ክንድ ከተበየደለት ሁለት ሳይክል፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ይይዛል፤ ለሁለት ለሚከራዩ ልጆች ይህ ማለት ወጪው ለሁለት ተካፈለ ማለት ነው። ክንዱ ላይ አሮጌ የውስጥ ጎማ ጠምጥሙበት፣ የሳይክሉ ቀለም እንዳይላጥ። እግሩም ሥር ያንኑ አድርጉለት፣ እንዳይንሸራተት። ቤት ስትለቁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፤ እንደ በቅሎዋ ኮርቻ ማለት ነው።

ለበያጁ ትእዛዝ ከመስጠታችሁ በፊት ግን የክፍላችሁን በርና የደረጃውን መታጠፊያ ለኩ። ሁለት ሜትር ብረት ከነእግሩ ተበይዶ ካለቀ በኋላ በጠባብ ደረጃ አይዞርም፤ እግሩ በብሎን የሚፈታ ይሁን።